ከማሽኑ በፊት ግድግዳው

እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ቤዝመንት ውስጥ የወይን ክፍል ስለ መሥራት ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቤት የገዛችሁ ብዙዎቻችሁ ቤዝመንት አላችሁ። አንዳንዶቻችሁም ጥሩ ጥሩ ወይን ማጠራቀም ጀምራችኋል። ለልጅ ምርቃት፣ ለሠርግ የሚከፈት ጠርሙስ ማቆየት ደስ ይላል። እኔ የምተዳደረው በማሞቂያና በማቀዝቀዣ ሥራ ነው። ስለዚህ ስለ ወይኑ ጣዕም ሳይሆን ስለሚያድርበት ክፍል ነው የማወራችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ማሽኑ ነው። «የትኛው ይሻላል? ስንት ያወጣል?» ይለኛል። ገንዘባችሁን መጀመሪያ ግድግዳው ላይ አውሉት። ግድግዳው ካልተሠራ የትኛውም ማሽን አያድናችሁም።

ወይን ብዙ ነገር አይፈልግም። ሙቀቱ 55 ፋራናይት፣ ማለትም 13 ሴልሺየስ አካባቢ ይሁን። እርጥበቱ ከ50 እስከ 70 በመቶ ይሁን። ጨለማና ጸጥታ ይኑር። በቃ። ሙቀቱ አንድ ሁለት ዲግሪ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ችግር የለውም። ወይኑን የሚጎዳው መዋዠቁ ነው። ሲሞቅ ወይኑ ይሰፋና ቡሹን ይገፋል። ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ይህ ሲደጋገም ጣዕሙ ይሞታል። አየሩ በጣም ከደረቀ ደግሞ ቡሹ ይኮማተራል። ጠርሙሱን የምናጋድመውም ቡሹ ከውስጥ እንዲርስ ነው። ክዳኑ የሚጠመዘዝ ከሆነ ግን ቢቆምም ግድ የለም።

ፈረንሳይ ውስጥ፣ በሻምፓኝ አካባቢ፣ ከሬምስ ከተማ ሥር ለስላሳ ነጭ ድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠሩ የወይን ጓዳዎች አሉ። ክረምት ከበጋ ከ10 እስከ 12 ሴልሺየስ ናቸው። እንዲህ የሚያደርጋቸው የመሬቱ ጥልቀት ነው። የኛ ቤዝመንት ያን ያህል አይጠልቅም። ከላይ ቤቱ ይሞቃል፣ ከጎን ፈርነስ የሚባለው የቤት ማሞቂያና የልብስ ማድረቂያ አለ። ስለዚህ ክፍሉን ከቤቱ መነጠል የኛ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚከስረው። በጁላይ ከፍሪጅ ያወጣችሁት ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ያልበዋል። ውሃው የመጣው ከአየሩ ነው። የወይን ክፍልም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። በቤቱ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ይገፋል። ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ ውሃ ይሆናል። ግድግዳው ውስጥ ስለሆነ ደግሞ ማንም አያየውም።

አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ክፍሉ ሲያዩት ያምራል። መደርደሪያው ማሆጋኒ ነው፣ በሩ መስታወት። ባለቤቱ «ሽታ አለው፣ ከየት እንደሚመጣ አላወቅሁም» አለኝ። ከታች በኩል ድራይዎሉን፣ ማለትም ግድግዳውን የሚሸፍነውን የጂፕሰም ሰሌዳ፣ በቢላ ቆርጬ ገለጥኩት። ሙቀት እንዳያልፍ ግድግዳው ውስጥ የገባው ፋይበርግላስ እንደታጠበ ጋቢ ከብዶ ወደ ታች ወርዷል። ግድግዳውን የያዘው እንጨት እግሩ ጠቁሮ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። እርጥበት የሚከለክለው ፕላስቲክ አልቀረበትም ነበር፤ የተለጠፈው ግን በወይኑ ክፍል በኩል ነው። እርጥበቱ ከቤቱ በኩል ገብቶ ፕላስቲኩ ጋ ሲደርስ መውጫ አጣ። ሁሉም ፈርሶ እንደገና ተሠራ። የዚያ ሰው ድካምና ገንዘብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ፕላስቲኩ የሚለጠፈው በሞቃቱ በኩል ነው። ከክፍሉ ውስጥ ቆማችሁ ስታዩ ከኢንሱሌሽኑ፣ ማለትም ከሙቀት መከላከያው፣ ጀርባ፣ ለቤቱ በሚቀርበው ጎን ማለት ነው። ውፍረቱ 6 ሚል ይሁን፤ ሚል የኢንች አንድ ሺህኛ ነው፣ ሚሊሜትር አይደለም። ግድግዳውንም ጣሪያውንም ያለ ክፍተት ይሸፍን። መገጣጠሚያው ተደራርቦ ይታሸግ። ሽቦ የሚያልፍበት እያንዳንዱ ቀዳዳ ይደፈን። ከዚያ ለግድግዳው አር 19፣ ለጣሪያው አር 30 ኢንሱሌሽን አስገቡ፤ «አር» ሙቀት የመከላከል አቅሙ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲበልጥ ይበልጥ ይከላከላል። በላዩ እርጥበት የሚችለውን ድራይዎል ግጠሙ። «ክሎዝድ ሴል» የሚባለውን የሚረጭ ፎም በበቂ ውፍረት ካስረጫችሁ ደግሞ እርጥበቱንም ሙቀቱንም በአንዴ ይከለክላል። ዋጋው ጠንከር ይላል። እኔ ግን፣ በተለይ ኮንክሪት ግድግዳ ላይ፣ ከምንም በላይ የምመርጠው እሱን ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውሃ የሚያስገባ ቤዝመንት ካላችሁ መጀመሪያ እሱን አሠሩ።

በሩ ለውጭ በር የሚሆን፣ ዙሪያውን ጎማ ያለው ይሁን። ከሥሩ ብርሃን የሚታይ ከሆነ አየርም ያስገባል። መስታወት የግድ ካላችሁ ድርብ መስታወት ይሁን።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ። የመስኮት ኤሲ ይበቃል ወይ ይሉኛል። አይበቃም። የቤት ኤሲ የተሠራው ለሰው ነው። አብዛኛው ከ60 ፋራናይት በታች አይወርድም፣ አየሩንም ከመጠን በላይ ያደርቃል። ለወይን ክፍል ተብሎ የተሠራ ማቀዝቀዣ ግዙ። ማቀዝቀዣ ሙቀትን አያጠፋም፤ ከአንድ ቦታ አንሥቶ ሌላ ቦታ ያፈሳል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት «ሙቀቱ የት ይሄዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ግድግዳ ተበስቶ የሚገባው ዓይነት ሙቀቱን የሚተፋው ጀርባው ላለው ክፍል ነው። ያ ክፍል ጠባብና የተዘጋ ከሆነ ማሽኑ የራሱን ሙቀት መልሶ እየሳበ ይቃጠላል። አብዛኞቹ የወይኑን ክፍል ማውረድ የሚችሉት ሙቀቱን ከሚተፉበት ክፍል በ30 ፋራናይት ያህል ዝቅ እስኪል ብቻ ነው። በበጋ 95 ወደሚደርስ ጋራዥ የሚተፋ ማሽን 55 ላይ አያደርሳችሁም። ስፕሊት የሚባለው ዓይነት ለሁለት የተከፈለ ነው፤ የሚሞቀው አካሉ ውጭ ይቀመጣል፣ ጸጥ ያለም ነው። ጋዙን ግን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሙላው። የውሃ መውረጃና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ካውንቲውንም ስለ ፐርሚት ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

ስለ መደርደሪያ ብዙ አልልም። ሽታ ያለው ጽድና ያልደረቀ ቫርኒሽ አታስገቡ። 500 ጠርሙስ ከነወይኑ ከ600 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ መደርደሪያውን ከግድግዳው ጋር አጥብቃችሁ እሰሩት።

ጠጅ የምትጥሉ እናቶች እዚህ አላችሁ፤ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ገና እየፈላ ያለ ጠጅ በጠርሙስ አሽጋችሁ ይህ ክፍል ውስጥ አታስቀምጡ። 55 ፋራናይት መፍላቱን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ጋዙ ሲጠራቀም ጠርሙሱ ይፈነዳል፣ ሰውም ይጎዳል።

ይህ ሁሉ ለሁላችሁም ያስፈልጋል ወይ? አያስፈልግም። ከሱቅ የምንገዛው አብዛኛው ወይን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። ከአገር ቤት የመጣላችሁን የኢትዮጵያ ወይን፣ ሪፍት ቫሊንም፣ ለአሥር ዓመት አትደብቁት፤ ዘመድ ሲሰበሰብ ክፈቱት። 40 ወይም 50 ጠርሙስ ብቻ ካላችሁ የወይን ፍሪጅ ግዙና ገንዘባችሁን ቆጥቡ። ክፍል የሚያስፈልገው በመቶዎች ለሚያጠራቅምና ለረጅም ዓመታት ለሚያቆይ ሰው ነው።

ክፍሉ ካለቀ በኋላም አትቸኩሉ። ባዶውን ሁለት ሳምንት ይሥራ። ቴርሞሜትርና የእርጥበት መለኪያ አንዱን ወለሉ አጠገብ፣ አንዱን ጣሪያው ሥር አስቀምጡና ጠዋት ማታ መዝግቡ። ማሽኑ እያረፈ የሚሠራ ከሆነ ጥሩ ነው። ያለ ዕረፍት የሚያጓራ ከሆነ ግን የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው፤ ጠርሙሱን ሳታስገቡ ፈልጉት። መብራት ሲጠፋም አትደንግጡ። በሩን ዝም ብላችሁ ዝጉት። በደንብ የታሸገ ክፍል ቅዝቃዜውን ቶሎ አይለቅም።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የቤዝመንታችሁን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ የመጣችሁ ወደዚህ ቅረቡ፣ አብረን እንየው።