ሥርዓት ያለ ድግግሞሽ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ሰሞኑን ልቤን ስለሰረቀው ነገር ነው፦ ወለልን ያለ ክፍተት ስለመሸፈን ሒሳብ። አትሳቁ፣ የምሬን ነው! ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

አፕሪል 1982 ነው። እስራኤላዊው ሳይንቲስት ዳን ሼክትማን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የአሉሚኒየምና የማንጋኒዝ ቅይጥ ያያል። ቀልጦ በቅጽበት እንዲቀዘቅዝ የተደረገ ነው። ምስሉ ላይ ብሩህ ነጥቦች ክብ ሠርተዋል፤ አተሞቹ እንዴት እንደተደረደሩ የሚናገሩት እነዚህ ነጥቦች ናቸው። ቆጠራቸው፣ አሥር ናቸው። ደብተሩ ላይ ጻፈውና ሦስት የጥያቄ ምልክት ደረደረበት።

አሥር ቢሆንስ ምን አለበት? ጎኖቹም ጥጎቹም እኩል የሆነ አንድ ዓይነት ቅርጽ ብቻ ይዛችሁ ወለል ለመሸፈን ብትነሡ፣ የሚሆኑላችሁ ሦስት ናቸው፦ ሦስት ማዕዘን፣ ካሬ እና ባለ ስድስት ጎን። ባለ አምስት ጎን እምቢ ይላል። ጥጉ 108 ዲግሪ ነው። ሦስቱን አንድ ነጥብ ላይ ስትገጥሟቸው 324 ይሆናል፤ ዙሩ 360 ነው። 36 ዲግሪ ክፍት ይቀራል፣ አራተኛው ደግሞ አይገባም። ክሪስታልም አንድ ንድፍ እየደጋገመ የሚደረደር የአተሞች ስብስብ ነው ስለተባለ ሕጉ ይይዘዋል። የዙሩን አንድ አምስተኛ ወይም አንድ አሥረኛ ብቻ ስታዞሩት ራሱን ሊመስል አይችልም።

ስለዚህ ሼክትማንን ብዙዎች አላመኑትም። ያየው ነገር ኋላ ኳዚክሪስታል ተባለ፣ ክሪስታል መሰል እንደማለት። ሁለት ጊዜ ኖቤል የተሸለመው ላይነስ ፖሊንግ፣ ኳዚክሪስታል የሚባል የለም፣ ያሉት ኳዚ ሳይንቲስቶች ናቸው እያለ ተሳለቀበት። ፖሊንግን ዛሬ ላይ ሆኖ መውቀስ ቀላል ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሒሳቡ አለመሳሳቱ ነው። ሕጉ ዛሬም ልክ ነው። ጉዱ ያለው ከሥሩ ተደብቃ በኖረች አንዲት ግምት ላይ ነው፦ ሥርዓት ካለ የግድ ድግግሞሽ አለ የምትል።

ያቺን ግምት ደግሞ የሒሳብ ሰዎች ቀድመው አፍርሰዋታል። በ1961 ሃው ዋንግ፣ ወለል መሸፈን የሚችሉ ንጣፎች ሁሉ እየተደጋገመ በሚሄድ ንድፍም መሸፈን ይችላሉ ብሎ ገመተ። ተማሪው ሮበርት በርገር በ1966 ባሳተመው ሥራ አይደለም አለ። ለማሳየት የተጠቀመው 20,426 ዓይነት ንጣፍ ነው! በ1974 ሮጀር ፔንሮዝ ቁጥሩን ሁለት አደረሰው። የሱ ንድፍ ላይ አንድ አምስተኛ ዙር ስታዞሩት ራሱን የሚመስል ቅርጽ በየቦታው ብቅ ይላል፣ ንድፉ ግን መቼም ራሱን አይደግምም። ማንም ያኔ ስለ ብረት አላሰበም፤ ጨዋታ ነበር። የሼክትማን ቅይጥም ለካ እንዲሁ ነው፦ ሥርዓት አለው፣ ድግግሞሽ የለውም።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1992 የዓለም አቀፉ የክሪስታል ጥናት ማኅበር የክሪስታልን ትርጉም ለወጠ። ድግግሞሽ የሚለው ቀረና ሼክትማን እንዳየው ዓይነት ምስል ላይ ጥርት ያሉ ነጥቦች የሚሰጥ ጠጣር የሚለው ገባ። ሼክትማን በ2011 ኖቤሉን ወሰደ። ኳዚክሪስታል ያለበት ጠንካራ ብረት ለዓይን ቀዶ ሕክምና ቀጭን መርፌ ተሠርቶበታል። ሩሲያ ውስጥ ከወደቀ የሰማይ ድንጋይ ላይም ተገኝቷል፤ ለካ ተፈጥሮ ቀድማናለች።

ወደ ወለሉ እንመለስ። ከዚያ ጥያቄው ያለ ድግግሞሽ ለመሸፈን አንድ ዓይነት ንጣፍ ብቻውን ይበቃል ወይ ሆነ። በ2022 መጨረሻ ላይ መልሱን ያገኘው ዴቪድ ስሚዝ ነው። እንግሊዛዊ ጡረተኛ ነው፣ የማተሚያ ቴክኒሻን የነበረ። ባለ 13 ጎን ቅርጽ ከወፍራም ወረቀት እየቆረጠ ገጣጠመ። ስሙን ኮፍያ አሉት፤ ማረጋገጫውን ከሦስት ባለሙያዎች ጋር በ2023 አወጡት። ቅር ያላቸው ግን ነበሩ፤ አንዳንዱ ኮፍያ ተገልብጦ ካልገባ ወለሉ አይሞላም። እውነታቸውን ነው፤ ሴራሚክ እኮ ቀለሙ በአንድ ፊት ብቻ ነው፣ አይገለበጥም። ብዙም ሳይቆዩ እነ ስሚዝ መገልበጥ የማይፈልግ ሌላ ቅርጽ ይዘው መጡ፣ ስፔክተር ይባላል። ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ፣ ይህንን ብታዙ ምንም አይደግምላችሁም፤ የሴራሚክ ሠራተኛው የሚጠራላችሁ ሒሳብ ግን የኔ ጉዳይ አይደለም።