የልጄ መምጫ ገና ነው
(ደብረ ብርሃን ላይ ለቲያትር ባለሙያዎችና ለአማተር ክበባት የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የቲያትር ባለሙያዎች፣ መምህራን፣ እናቶችና አባቶች፣ የደጋውን ብርድ ችላችሁ ከየወረዳው የመጣችሁ የክበብ ልጆች፤ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ የመጣሁት ስለ አንዲት ቃል ልነግራችሁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አጭር ተውኔት ጻፍኩ። ባለታሪኳ መንዝ ውስጥ የምትኖር እናት ናት። ልጇ ሥራ ፍለጋ ከአገር ወጥቶ ድምፁ ጠፍቷል። እሷ ታዲያ የበግ ጠጉር እየፈተለች ለልጇ ባና ታዘጋጃለች። ጎረቤት በመጣ ቁጥር ስለ ልጇ ይጠይቃታል፤ መልሷም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «የልጄ መምጫ ገና ነው።» ይህን ሦስት ጊዜ ትላለች። በመስከረም ስትለው «ገና»ን ታጠብቀዋለች፤ በዓሉን ማለቷ ነው። በታኅሣሥ ማለቂያ ስትለው ማጥበቋም ማላላቷም አይለይም፤ ተዋናይቷ ቃሉን አፏ ውስጥ ታቆየዋለች። በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ባናው ተሸምኖ፣ ታጥፎ መደብ ላይ ተቀምጦ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ስትለው ግን ታላላዋለች። ገና ነው። መቼ እንደሆነ አይታወቅም። መጋረጃው እዚያ ላይ ይዘጋል።

የተውኔቱ ነፍስ ያቺ አንዲት ፊደል ናት። ቅኔ ቤት የዋላችሁ አባቶች ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ቃል ከጠበቀበት ሲላላ ሰሙ ይቀራል፣ ወርቁ ይጠፋል።

አንድ ቡድን ተውኔቱን ልሥራው ብሎ ጠየቀኝ፤ ደስ ብሎኝ ሰጠሁ። ውል አልተፈራረምንም። ልምምድ ላይ አልተጠራሁም። የመጀመሪያው ቀን አዳራሽ ገብቼ ተቀመጥኩ። እናትዮዋ ከአፏ የወጣው «ልጄ ለበዓል ይመጣል» የሚል ነበር። ተመልካች እንዳይደናገር ብለው ነው አሉ በኋላ። መጨረሻው ላይ ደግሞ ልጁ ሱፍ ለብሶ፣ ሻንጣ ይዞ ገባ፤ ዘፈን ተከፈተ፣ እስክስታ ተወረደ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። በር ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ «ደራሲ» ከሚለው ጎን ያለው ስም የእኔ ነው።

ስወጣ አንዲት እናት ክንዴን ያዙኝ። ከመንዝ ነው የመጡት። «አንቺ ልጄ» አሉኝ፣ «ያንቺዋ ልጇ መጣላት። የእኔው ስድስት ዓመቱ። እኔ ምን በድዬ ነው?»

የምመልሰው አጣሁ። ያንን ተውኔት የጻፍኩት እኮ ለእሳቸው ነበር። ከእሳቸው ጋር ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ ነበር የጻፍኩት። በስሜ የተነገራቸው ግን «የታገሠ ልጁ ይመጣለታል» የሚል ነው፤ እኔ ያላልኩት፣ የማላምንበት ነገር። ገንዘብ ቢወሰድብኝ ይህን ያህል አያመኝም ነበር።

ሕጉ ይህን ሕመም ያውቀዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ ሁለት ዓይነት መብት ይሰጣል። አንዱ የኢኮኖሚ መብት ነው፤ ሥራውን ለሕዝብ ማሳየት፣ መተርጎም፣ ወደ ሌላ መልክ መለወጥ የሚቻለው በደራሲው ፈቃድ ነው። ሁለተኛው የሞራል መብት ነው፤ አንቀጽ 8 ላይ ታገኙታላችሁ። ደራሲው የሥራው ባለቤት ተብሎ እንዲጠራ፣ ክብሩን ወይም ስሙን የሚጎዳ ማዛባት፣ መቁረጥና መለወጥ ሲደረግበት ደግሞ እንዲቃወም ያስችለዋል። ይህ መብት የኢኮኖሚ መብቱን ለሌላ ባስተላለፈ ደራሲ እጅም ይቆያል። ጥበቃው ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ ይጀምራል፤ አላስመዘገብክም ተብሎ የሚቀር የለም። በደብተር ጽፋችሁ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጣችሁት ተውኔት፣ የክበብ ልጆች፣ ዛሬም የእናንተ ነው።

በሌላውም ዓለም ይህ ጉዳይ ብዙ አነጋግሯል። አየርላንዳዊው ጸሐፌ ተውኔት ሳሙኤል ቤኬት እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ አንድ ተውኔቱን ቲያትር ቤቱ የምድር ባቡር ጣቢያ ውስጥ እንዳለ አድርጎ ሲያቀርበው ተቃወመ፤ እሱ የጻፈው ባዶ ክፍል ነበር። ነገሩ ተቃውሞው በዕለቱ ፕሮግራም ላይ ታትሞ ለተመልካች በመታደሉ በረደ። በ1988 ደግሞ ኔዘርላንድ ውስጥ ለወንዶች የጻፈውን ተውኔት ሴቶች ሊጫወቱት ሲሉ ከሰሰ፤ ተረታ። በ1992፣ እሱ ካረፈ በኋላ፣ የፓሪስ ፍርድ ቤት በዚያው ዓይነት ክርክር ለደራሲው ወገን ፈረደ። እኔ በግሌ ሴቶቹ ቢጫወቱት አይከፋኝም ነበር። ግን የእኔ አይደለም፤ የሚጠየቀው እሱ ነበር።

አዘጋጆች እንዳትቀየሙኝ። መድረክ ላይ የሚሆነውን ጸሐፊ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሁሉን አያየውም። ልምምድ ላይ ቃለ ተውኔቱ ከተዋናይ አፍ ጋር አልስማማ ሲል አውቃለሁ፤ መብራት ይጠፋል፣ ተዋናይ ይታመማል፣ የሁለት ሰዓቱ ተውኔት በአንድ ሰዓት ይለቅ ይባላል። ብዙ ጊዜ አዘጋጅ «ይህቺ ትውጣ» ብሎኝ ወጥታ ተውኔቱ ተሽሏል። እነዚያን ሁሉ ግን ጠይቀውኛል። አንዳንዴ እምቢ ብያለሁ፤ ተከራክረናል፣ ተኳርፈናል፣ ቡና ጠጥተን ታርቀናል። ሥራው የሚበስለው እዚያ ጭቅጭቅ ውስጥ ነው። ሳይጠየቅ ሲለወጥ የሚቀርብን ያ ጭቅጭቅ ነው።

ይህ አካባቢ ለተውኔት ባዳ አይደለም። በአገራችን የመጀመሪያ የሚባለውን ዘመናዊ ተውኔት፣ «ፋቡላ»ን፣ የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሳያደብር ልጅ ናቸው። በአውሬዎች አፍ ስለ ሹማምንት ተናገሩ፤ ተውኔቱም ታገደ። ከዚያ በኋላም ጸሐፊዎቻችን ለረጅም ዘመን ከሳንሱር ጋር ኖረዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማናቸውም መልኩ ከልክሏል። ታዲያ የመንግሥት ቀይ እስክሪብቶ ሲነሳልን እርስ በርሳችን ካነሳነው ምን ተጠቀምን? ያኔ ቢያንስ የተቆረጠው እንደተቆረጠ ደራሲው ያውቅ ነበር።

የሞቱትንም አንርሳ። የመንዙ ተወላጅ ክቡር ከበደ ሚካኤል ያረፉት በ1991 ዓ.ም. ነው። በአዋጁ መሠረት የኢኮኖሚ መብቱ ደራሲው ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል፤ የእሳቸው ሥራዎች ገና እስከ 2041 ዓ.ም. ባለቤት አላቸው ማለት ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ተውኔቶቻቸውን ሲያሳዩ፣ ሲያሳጥሩና ሲቀጥሉ ወራሾችን መጠየቅ ትዝ ይለናል ወይ?

የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። ተውኔት ስትቀበሉ አንድ ገጽ ውል ጻፉ፤ ርዕሱ፣ ቃለ ተውኔቱ፣ የመድረክ መግለጫው ያለ ደራሲው የጽሑፍ ፈቃድ አይለወጥም የምትል አንዲት መስመር ትግባበት። ደራሲውን ቢያንስ አንድ ቀን ልምምድ ላይ ጥሩት። መለወጥ ካማራችሁ ስልክ ደውሉ። እምቢ ካለና ሐሳቡ ከከነከናችሁ፣ የራሳችሁን ተውኔት ጻፉ፤ ልጁ ሻንጣ ይዞ የሚመጣበትን። እኔም መጥቼ አጨበጭባለሁ።

ስትወጡ በር ላይ የተውኔቱን ቅጂ ታገኛላችሁ፤ ሠላሳ አባዝቻለሁ። በሰሜን ሸዋ ያለ ማንኛውም የትምህርት ቤት ወይም የወረዳ ክበብ ያለ ምንም ክፍያ ሊሠራው ይችላል፤ ፈቃዱ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፎ ተፈርሟል። ስልኬም ከሥሩ አለ። መንዝ ላይ የምትሠሩት ካላችሁ ቀኑን አስቀድማችሁ ንገሩኝ፤ እኚያን እናት ይዤ እመጣለሁ፣ የፊተኛው ወንበር ላይ ቦታ ያዙልን። የመጨረሻዋን «ገና» አላሉልኝ።

አመሰግናለሁ።