የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ያበበ ዛፍ በዘይት ቀለም

የዛሬው መነሻ ሠዓሊው ካሚል ፒሳሮ እ.ኤ.አ. በ1872 የሳለው ሥዕል ነው፤ ከፓሪስ በስተ ምዕራብ ባለችው በሉቭሲየን መንደር ያበበ የፍራፍሬ ቦታ ያሳያል።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ሥዕሉን ዋሽንግተን ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ሄጄ አይቼዋለሁ። ቀረብ ስል ግን አበባው ጠፍቶ ቀለም ብቻ ሆነብኝ። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ምንም አላጠፉም። ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ 45 በ55 ሴንቲ ሜትር ገደማ። መጀመሪያ ሁለት ሜትር ያህል ርቀው ይቁሙና ዛፎቹ ከሰማዩ ጋር ሲገናኙ ይዩ። ከዚያ ጠባቂው እስከፈቀደልዎ ድረስ ተጠግተው አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ይምረጡ። ፒሳሮ አበባውን አንድ በአንድ አልቆጠረም፤ በአጭር በአጭሩ ቀለም ጣል ጣል አድርጎ ነው ያለፈው። ታችኛውን ክፍል ግን አይዝለሉት። አዲስ የተገለበጠው አፈር ለእኛ ከአበባው እኩል ዋጋ አለው። ሠዓሊው በ1870 የፈረንሳይና የፕሩሲያ (የዚያ ዘመን የጀርመን መንግሥት) ጦርነት ሸሽቶ ለንደን ገብቶ ነበር፤ የፕሩሲያ ወታደሮች ቤቱን ይዘው ብዙ ሥዕሎቹን አጥፍተውበታል። ከተመለሰ በኋላ የሳለው ይህን የታረሰ መሬት ነው። ብርሃንን በፈጣን ምት ይስሉ የነበሩት ኢምፕሬሽኒስቶች በ1874 ባሳዩት የመጀመሪያ ኤግዚቢሽንም አቅርቦታል። መግቢያው ነፃ ነውና ደግመው ይሂዱ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ግቢያችን ያለውን የኮክ ዛፍ ሲያብብ በዘይት ቀለም እስላለሁ። አበባው ሁልጊዜ ጭቃ ይመስልብኛል።

መልስ፦ ምናልባት ግንዱንና ቅርንጫፉን አስቀድመው በጥቁር ቡናማ ስለው፣ ሳይደርቅ አበባውን ከላይ እየደረቡበት ይሆናል። ብሩሹ የታችኛውን ጥቁር ይዞ ይወጣል፤ ጭቃው እሱ ነው። ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። ሰማዩን በስሱ ይቀቡ፣ የቅርንጫፉን ቦታ ክፍት ይተዉ፣ አበባውን ያስገቡ፣ ቅርንጫፉን በመጨረሻ በክፍተቱ ያሳልፉ።

ጥላ ያረፈበትን አበባ በጥቁር አያደብዝዙት። ነጭ፣ ትንሽ ሰማያዊና የስንዴ ፍሬ የምታህል ቀይ ይበቃል፤ ጥላው የሰማዩን ቀለም ስለሚቀበል ሰማያዊነቱ እውነት ነው። ፀሐይ የመታው ክፍል ነጭ ላይ ጥቂት ቢጫና ጥቂት ሮዝ ይፈልጋል። ንጹሑን ነጭ ለመጨረሻዎቹ አምስት ስድስት ነጥቦች ያቆዩት። ብሩሹን በየሁለት ምቱ በጨርቅ ይጥረጉ፣ ያስቀመጡትን ቀለም መልሰው አያሹት። መሳል ከጀመሩ ሁለት ሰዓት ሲሞላዎትም ያቁሙ፤ ጥላው ቦታውን ለቋል። ካላለቀ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ይመለሱ።

ጥያቄ (ከዚያው አድማጭ)፦ ቀለሙ ከወራት በኋላ የሚሰነጠቀውስ?

መልስ፦ ዘይት የበዛበት ንብር ከታች፣ በተርፐንታይን (ቀለም በሚያቀጥን ፈሳሽ) የቀጠነው ከላይ ሲሆን የላይኛው ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። የመጀመሪያውን በተርፐንታይን ያቅጥኑ፣ የተልባ ዘይቱን ወደ ላይ ሲወጡ ይጨምሩ፤ ያውም ለሥዕል የተጣራውን። ቫርኒሽ (ሥዕሉን የሚጠብቅ የመጨረሻ ቅብ) ለመቀባት ቢያንስ ስድስት ወር፣ አበባው ላይ ቀለሙ ከወፈረ ደግሞ ዓመት ይጠብቁ።