ቴፑ ቢፈጥንም ቢዘገይም ያንኑ ቅጂ ስለ መለየት

የተከበራችሁ የድምፅ ቅርስ ሰብሳቢዎች፣ የካሴት ቤት ባለቤቶችና ተማሪዎች፤ እንኳን ወደ ደሴ በደህና መጣችሁ።

ከወሎው ቦረና እስከ ባቲ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ወልዲያ በየቤቱ ያለው የመንዙማና የማሲንቆ ካሴት አብዛኛው የቅጂ ቅጂ ነው። ከአንዱ ቴፕ ወደ ሌላው ሲገለበጥ የሁለቱ ሞተር እኩል አይዞርም። የካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መሄድ አለበት። ቴፑ 5 በመቶ ከፈጠነ የ30 ደቂቃው ገጽ በ28 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ ያልቃል፤ የአውራጁም ድምፅ ይቀጥናል። ጆሮ ያው መሆኑን ወዲያው ያውቃል። ኮምፒውተሩ ግን ሌላ ሥራ ነው ብሎ ይመዘግበዋል፤ አንዱ ቅጂ በሦስት ስም ማኅደር ውስጥ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ኤቨሪ ዋንግ እ.ኤ.አ. በ2003 ያብራራው፣ ዘፈን ሰምቶ ስሙን የሚናገረው የሻዛም ፕሮግራም ዘዴ በድምፁ ውስጥ ጎልተው የሚታዩትን ነጥቦች ይለቅማል፤ ከዚያም ሁለት ሁለቱን አጣምሮ የእያንዳንዱን ሄርትዝ (ድምፁ በሰከንድ የሚርገበገብበትን ብዛት) እና በመካከላቸው ያለውን ጊዜ እንደ አሻራ ይይዛል። ጫጫታ ውስጥ በደንብ ይሠራል። የቴፕ ፍጥነት ሲለወጥ ግን ሄርትዙም ጊዜውም አብረው ስለሚለወጡ አሻራው ይጠፋል። በሰከንድ 8000 ናሙና የተቀዳ ድምፅ 1024 ናሙና እየተወሰደ ሲተነተን አንዱ እርከን 7.8 ሄርትዝ ነው። 1000 ሄርትዝ ላይ ያለ ነጥብ በ1 በመቶ ብቻ ሲፈጥን 10 ሄርትዝ ይነሣል፤ ከእርከኑም ይወጣል ማለት ነው።

ስለዚህ መያዝ ያለበት ልኩ ሳይሆን ንጽጽሩ ነው። ሦስት ነጥብ ውሰዱ፦ የመጀመሪያው 440 ሄርትዝ በ0 ሰከንድ፣ ሁለተኛው 660 ሄርትዝ በ0.6 ሰከንድ፣ ሦስተኛው 550 ሄርትዝ በ1.5 ሰከንድ። ቴፑ 5 በመቶ ሲፈጥን 440ው 462፣ 660ው 693 ይሆናል፤ 693 ለ462 ሲካፈል ግን አሁንም 1.5 ነው። ጊዜውም ወደ 0.571 እና 1.429 ያጥራል፤ ሲካፈል ያው 0.4 ይሰጣል። ጆሯችንም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ አምባሰል በፈጠነ ቴፕም አምባሰል ነው፣ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት አልተነካምና። ቅኝቱ ብቻውን ግን ቅጂውን አይለይም፤ በአንድ ቅኝት ስንት ዜማ አለ።

ተመሳሳይ አሻራዎች ሲገኙ የአዲሱን ፋይል ጊዜ በአግድሙ ዘንግ፣ የማኅደሩን በቁሙ ዘንግ አስቀምጡ። እውነተኛው ግጥምጥም በቀጥታ መስመር ይሰለፋል፤ የአጋጣሚው ይበተናል። የመስመሩ ተዳፋት 1.05 ከሆነ አዲሱ ቅጂ 5 በመቶ ፈጥኗል። ሄርትዙም በዚያው መጠን ከፍ ካለ ጥፋቱ የሞተር ነው። ጊዜው አጥሮ ድምፁ ካልቀጠነ ግን አንድ ሰው በሶፍትዌር ነካክቶታል። መንዙማ ላይ ተቀባዮቹ ያንኑ አዝማች ስለሚደጋግሙ ብዙ አጫጭር ትይዩ መስመሮች ይወጣሉ፤ ረጅሙን ያዙ። መስመሩ ከጎበጠ ሲቀዳ ባትሪው እየደከመ ነበር፦ ክሩ እየዘገየ የተቀዳ ድምፅ በደህና ቴፕ ሲሰማ እየፈጠነ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን በ20 ሰከንድ እየቆረጣችሁ አወዳድሩ።

በእጃችሁ ያለው እንደ ሻዛም ያለ ተራ ፕሮግራም ብቻ ከሆነ ፋይሉን ከ6 በመቶ ዝግታ እስከ 6 በመቶ ፍጥነት በግማሽ በመቶ እያራመዳችሁ 25 ቅጂ አዘጋጁና እያንዳንዱን አስፈልጉ። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሠራል። የተበላሸ ሄድ (ክሩን የሚያነበው የቴፑ ክፍል) ቀጭኑን ድምፅ ስለሚውጠው ፍለጋውን ከ300 እስከ 3000 ሄርትዝ ወስኑ።

የመጀመሪያውን ፍጥነት ለማወቅ ከኤሌክትሪክ ወደ ቅጂው የሚገባውን የመብራት እዝታ ፈልጉ። የአገራችን መብራት 50 ሄርትዝ ነው፤ በእጥፍና በሦስት እጥፍም ይሰማል። 150 መሆን ያለበት 157.5 ላይ ከተገኘ ቴፑ 5 በመቶ ፈጥኗል። በትክክል 150 ላይ የቆመ ሌላ እዝታ ካለ እሱ ከራሳችሁ ገመድ የገባ ነውና አትቁጠሩት። የመብራቱ ሄርትዝ ራሱ በጥቂቱ ስለሚዋልል የተገኘውን ቁጥር እንደ ግምት ያዙት። በባትሪ የተቀዳ ላይ ደግሞ ይህ ምልክት ብዙ ጊዜ አይገኝም። እባካችሁ፣ ዜማውን በ440 ሄርትዝ ልክ ለማስተካከል አትሞክሩ፤ ማሲንቆ የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ነው።

ይህ ዘዴ አንዱን ቅጂ ይለያል እንጂ አንዱን መንዙማ አይለይም። ያው አውራጅ ያንኑ መንዙማ በሌላ ሌሊት ቢያወርደው አይገጥምም፤ እንደ ሁለት ሥራም መመዝገብ አለበት። የገጠመውንም ቢሆን አትሰርዙ፤ አንዱ ካሴት ላይ የተቆረጠው መግቢያ ሌላው ላይ ሊገኝ ይችላል። ያልተነካውን ፋይል እንዳለ አስቀምጡ፤ ከጎኑ የተገኘውን የፍጥነት ንጽጽርና ካሴቱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈውን ሁሉ መዝግቡ።