የማንን ልስማ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የተረበሸ ታካሚን እንዴት ማነጋገር እንዳለብን ያስተማረኝ አንድ አዳር አለ፣ እሱን ላውራችሁ።

ገና በአእምሮ ሕክምና ክፍል ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። አንድ ወጣት ታካሚ እኩለ ሌሊት ላይ ኮሪደር ወጥቶ ይጮኻል፦ «የሚያሳድዱኝ ሰዎች መጡብኝ!» አራት ሆነን ሮጠን ደረስን። አንዷ «ተቀመጥ» ትላለች፤ ሌላው «መድኃኒትህን ዋጥ»፤ እኔ ደግሞ «ተረጋጋ! ተረጋጋ!» እያልኩ ክንዱን ያዝኩት። ገፈተረኝ። መጨረሻው መታሰርና መርፌ ሆነ።

ሻል ሲለው ይቅርታ ልጠይቀው ሄድኩ። «ሁላችሁም ታወሩ ነበር። የማንን ልስማ?» አለኝ።

አሁን ነርሶችን ሳሠለጥን የምነሣው ከዚህች ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የድንገተኛ ሥነ አእምሮ ሕክምና ማኅበር ያወጣው ፕሮጀክት ቤታ የተባለ የተረበሸ ታካሚን የማረጋጊያ መመሪያም ይህንኑ ይላል፦ የሚያነጋግረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ቢያንስ የሁለት ክንድ ርቀት ጠብቁ። መውጫውን አትዝጉበት። አጭር ተናገሩ፣ እስኪገባው ታገሡ፣ ካልገባው ያንኑ ድገሙለት።

ይህን በወረቀት ፈተና ማንም ይመልሰዋል። ችግሩ ሰውነታችን ነው። ስንፈራ ድምፃችን ይጨምራል፣ እጃችን ይቀድመናል። ስለዚህ እናስመስላለን፤ አንዱ ታካሚ ይሆናል፣ ሌሎቹ ይከቡታል። አንዲት ሠልጣኝ ተከብባ ቆይታ፣ «የምር አለመሆኑን እያወቅኩ እንኳ ልቤ መታ» አለችኝ። ከኔ ንግግር ሁሉ ያ አስተማራት።

«ተረጋጋ» የሚለውን ቃል ግን ከሥልጠናው አውጥቼዋለሁ። መረጋጋት ቢችልማ ይረጋጋ ነበር! «ሊገድሉኝ ነው» ሲል አትከራከሩት፤ አዎ ብላችሁም አትዋሹት። «እኔ አይታዩኝም፤ አንተ ግን በጣም ፈርተሃል። እዚሁ አብሬህ ነኝ» በሉት። ከዚያ የሚመርጠው ነገር ስጡት፦ እዚህ እናውራ ወይስ ክፍልህ?

ሳልረሳው፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በተረበሸ ቁጥር ሰበቡ ሕመሙ ነው አትበሉ። የስኳር መውረድ፣ የኦክስጅን ማነስ፣ ኢንፌክሽን፣ ሕመም ማስታገሻ ያላገኘ ስብራትም ሰውን እንዲህ ያደርገዋል። ስኳሩን ለኩለት እባካችሁ።

ነገሩ ከበረደ በኋላም ወደ ሥራችሁ አትበተኑ። መጀመሪያ እናንተው ተቀምጣችሁ አውሩበት። ሲሻለው ደግሞ እሱን ጠይቁት፦ ያኔ ምን ብናደርግልህ ይሻልህ ነበር? የሚላችሁን ካርዱ ላይ ጻፉት፤ የሚቀጥለው ተረኛ ያንብበው።