ሻፌታው ላይ ያረፈ ጣት

ሰላም፣ እንደምን አመሻችሁ። ዛሬም ፉሪ ቤቴ ሆኜ ነው የምቀዳው። ከደጄ ትንሽ ሄድ ሲሉ አዲስ አበባ ነው፤ እኔ ያለሁበት ግን ኦሮሚያ፣ ሸገር ከተማ።

ያደግሁት «ክልል እንሁን» የሚል ድምፅ በተሰማ ቁጥር «አገር ሊበተን ነው» በሚባልበት ቤት ነው። እኔም አምኜ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየሩኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው፣ የሲዳማዋ ይርጋለም ሰው።

ህዳር 10 ቀን 2012፣ የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ዕለት፣ ማታ እሳቸው ቤት ቡና እየጠጣን እናታቸው ደወሉ። ጋሼ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ይተረጉሙልኝ ጀመር። ምልክቱ ሁለት ነበር፦ ጎጆ ደቡብ ክልል ውስጥ መቆየት፣ ሻፌታ፣ የሲዳማ ባህላዊ የምግብ ዕቃ፣ ራስን ችሎ ክልል መሆን። «ጣቴን ሻፌታው ላይ አሳረፍኩ» አሉ እናትየው። ወዲያው ደግሞ ስለ ቡናው ለቀማ ማውራት ቀጠሉ። ጋሼ ግን በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር።

ጥያቄው የቆየ ነው። በሽግግሩ ዘመን ደቡብ አምስት ክልል ነበር፤ ተጠቃልሎ አንድ ሲሆን ሲዳማ ዞን ሆኖ ቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 47 ግን የክልልነት ጥያቄ በቀረበ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ ይላል። ሲዳማ ጥያቄውን አቅርቦ ዓመቱ ሞላ፣ ሕዝበ ውሳኔው የለም። የሲዳማ ወጣቶች ክልልነቱን ራሳችን እናውጃለን ብለው 11/11/11 ያሉት ቀን፣ ሐምሌ 11 ቀን 2011፣ ደረሰ፤ ሰው ሞተ። ቀኑ በሕጉ መሠረት ተከብሮ ቢሆን ኖሮ እላለሁ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በኋላ 98.5 በመቶው ክልል ይሁን አለ፤ ሲዳማም 10ኛው ክልል ሆነ።

ጋሼን «ምን አስለቀሰዎት?» አልኳቸው። የደቡብ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነበር። «እናቴ አቤቱታ ይዛ ክልል ስትሄድ አስተርጓሚ ለምና ነበር» አሉኝ።

ባለፈው ዓመት እኔም አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ፣ በኦሮምኛ። መጀመሪያ ከፋኝ። ከዚያ የጋሼ እናት ትዝ አሉኝ። ስለዚህ የየትኛውም ክልል ፓርቲ ድምፄን ሊጠይቅ ሲመጣ፣ ራስን በራስ ማስተዳደር መብት መሆኑን አልከራከረውም። የምጠይቀው በዚያ ወሰን ውስጥ ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ እናት ጉዳያቸውን በምን እንደሚያስረዱ ነው።

ደብዳቤውን ያነበበችልኝ የጋሼ ልጅ ናት፤ እዚሁ ተምራ ኦሮምኛውን ታንበለብለዋለች። አሁን ማታ ማታ ታስተምረኛለች። ሰሞኑን ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ ሦስት መስመር ራሴ አነበብኩ፣ የቀረውን እሷ።