ዘጠኝ ቀን ኩርፊያ እና የእንጀራው ዓይን

አቤል፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ርዕሳችን የሥነ ልቦና ምክር ነው። ለብቻ፣ ለባልና ሚስት፣ ለቤተሰብ። መቼ ይኬዳል፣ ማን ጋ...

ሜሮን፦ ቆይ፣ መጀመሪያ የእንጀራውን ነገር ልንገራቸው።

አቤል፦ ጀመረች!

ሜሮን፦ አማቴ ከደብረ ብርሃን መጥተው ጋገሩ። ባለቤቴ አንዴ ጎረሰና «እንጀራ ማለት ይሄ ነው፣ ዓይኑን እዩት» አለ።

አቤል፦ ይሄ ምን ያስቆጣል?

ሜሮን፦ የእኔው እንጀራ እኮ አጠገቡ ተቀምጧል!

አቤል፦ ዕውሩ?

ሜሮን፦ አንተም ጀመርክ? በቃ፣ ተኮራረፍን። ዘጠኝ ቀን።

አቤል፦ ዘጠኝ! ሱባኤ ገባችሁ እንዴ?

ሜሮን፦ የምናወራው በልጃችን በኩል ነው። አምስት ዓመቷ ነው። «ሂጂ፣ አባትሽን ምሳ ቀርቧል በዪው።» እሱ ደግሞ «እናትሽን ቁልፉ የት ነው በያት።» አንድ ቀን ከኩሽና ሆኜ ስሰማ «አባዬ፣ እማዬ የኔ ቆንጆ ና ምሳ ብላ ብላሃለች» ትለዋለች።

አቤል፦ [ሳቅ] ከራሷ ጨምራ!

ሜሮን፦ ከራሷ! መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ እንባዬ። ያን ቀን ነው የትዳር አማካሪ ጋ ቀጠሮ የያዝኩት።

አቤል፦ ሽማግሌስ?

ሜሮን፦ የሚመጡት የእሱ አጎት ናቸው። «አንቺም ተይ፣ አንተም ተው» ብለው ቡና ጠጥተው ይሄዳሉ።

አቤል፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ወላጆቼ ሁለቴ በሽማግሌ ታርቀዋል። ሽማግሌ ያውቅሻል፣ ነገ ተመልሶ ይጠይቅሻል። አማካሪው ግን ሰዓቱን አይቶ ሂሳብ ይቀበላል።

ሜሮን፦ የሚያውቀኝ መሆኑ እኮ ነው ችግሩ! ገመናዬን ይዞ ሠርግ ላይ አገኘዋለሁ።

አቤል፦ ሕጉም ቢሆን ሽማግሌን አልጣለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺ የሚታየው በቤተዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው ለፍርድ ቤት የሰጠው። አሁንም ግን ዳኛው ባልና ሚስቱን ራሳቸው ወደመረጧቸው ሽማግሌዎች ሊመራቸው ይችላል።

ሜሮን፦ ጠበቃው! ግን ሽማግሌ ይፈርዳል። እኔም ፍርድ ፈልጌ ነው የሄድኩት። ስልኬ ላይ 11 ጥፋቶቹን ጽፌ ገባሁ። አማካሪዋ አንዱንም አላየችልኝም። «ያን ሁሉ ቀን ቤት ውስጥ ማን ነበር የሚያወራው?» ብቻ አለችን። ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

አቤል፦ ውይ።

ሜሮን፦ በኋላ ሳነብ፣ ጆን ጎትማን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ትዳር የሚያፈርሱ አራት ነገሮች ይዘረዝራል። ነቀፋ፣ ንቀት፣ ራስን መከላከል። አራተኛው የኛው ኩርፊያ ነው! ዝም ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ልቡ እየደለቀ ነው ይላል። ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ተለያዩና ስትረጋጉ ተመለሱ ነው ምክሩ።

አቤል፦ ሃያ ደቂቃ! እናንተ ዘጠኝ ቀን!

ሜሮን፦ እያስታወስከኝ ነው።

አቤል፦ ግን ኩርፊያ ሁሌ መጥፎ ነው? ክፉ ከመናገር ይሻላል እኮ።

ሜሮን፦ ለአንድ ማታ፣ እሺ። ልጅን ፖስተኛ ካደረገ ግን...

አቤል፦ እሺ እሱን ተቀብያለሁ። ሽማግሌውን ግን አልተውኩም። ደግሞ ርዕሳችን ቀረ እኮ! ለብቻ ነው አብሮ የሚኬደው?

ሜሮን፦ እንቅልፍ ካጣህ፣ ምግብ ካስጠላህ ለብቻህ ጀምር። ቤት ውስጥ ዱላ ካለ ደግሞ አብሮ መግባት አይመከርም። እዚያ የተናገረችው ቤት ስትገባ ያስመታታል። ይሄ ቀልድ የለውም።

አቤል፦ እውነት ነው። ሌላው ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆይ። እንጀራውስ?

ሜሮን፦ አሁን እሱ ነው የሚጋግረው።

አቤል፦ ዓይን አለው?

ሜሮን፦ ልጄን ጠይቃት። «እማዬ በጣም ቆንጆ ነው ብላለች» ትልሃለች።